ሁለቱ ቃላትና የእናቴ ገንቦዎች

ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሁሉ በፊት የሚያነሱብኝ ቁጣዬን ነው። አልክድም፣ ቁጡ ነኝ። ግን እንዴት መምህርት ለመሆን እንደበቃሁ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። እናንተም ካልጠየቃችሁኝ እኔው ልንገራችሁ። ነገሩ ተጀምሮ ያለቀው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረችው አስካለና ከዚያ በኋላ ያለችው አስካለ ግን አንድ ሰው አይደሉም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጉለሌ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። ቤታችን ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ናት። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ዘና ብዬ ስጽፋት ቀላል ትመስላለች። ያኔ ግን ሸክላ ሠሪ ሲባል ስንት ነገር ተጨምሮበት ነበር የሚነገረው! ዓይናቸው ሰው ይበላል ይሉናል፤ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። አብረውን የሚያስቀድሱ ጎረቤቶች እንኳን ልጃቸውን ሆዱን ሲያመው ቀድመው የሚያዩት ወደ እኛ በር ነው። ትምህርት ቤት ምሳዬን ስከፍት ከአጠገቤ ብድግ ብለው የሚሄዱ ነበሩ። እኔም አፌ አያርፍም፤ "ተመስገን፣ ቦታ ሰፋልኝ!" ብዬ እግሬን ዘርግቼ እበላ ነበር። አንዳንድ ቀን ግን ምሳዬን ሳልነካው ቋጥሬ ወደ ቤት እመልሰው ነበር።

ሙያው ደግሞ በእጄ አልገባ ብሎ አስቸግሮኛል። በቀጨኔ ከእኔ የባሰ ሸክላ ሠሪ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሠራሁት ገንቦ ገና ሳይደርቅ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። እናቴ ዞር ዞር አድርጋ ታየውና "ይሄ ደግሞ ማንን ሊያዳምጥ ነው?" ብላ ትስቅብኛለች። የሚሆንልኝ እንግሊዝኛ ነበር።

በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ብቻ ለመምህራን ማሠልጠኛ እንደሚመረጥ ተነገረን። የተመረጠው ምግቡም መኝታውም በመንግሥት ሆኖ ይማራል፤ ሲጨርስ መምህር ይሆናል። ለእኔ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ካለፍኩ አለፍኩ፤ ካላለፍኩ ትምህርት አበቃ፣ የሚያጋድሉ ገንቦዎቼን እየሠራሁ መኖሬ ነው። በውጤት እኩል ሆነን የቀረነው ሁለት ነበርን፤ እኔና ሰሎሞን የሚባል ረጅም፣ ተጫዋች ልጅ። አባቱ ሹም ናቸው። ልጁ ግን ክፉ አልነበረም፤ እውነቱ መነገር አለበት።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስተር ቶማስ የሚባሉ ሕንዳዊ ነበሩ። ሁለታችንንም ጠሩንና ነገ የሰባተኛ ክፍል ልጆችን በየተራ ታስተምራላችሁ፣ ኢንስፔክተርም ይመጣል አሉን። የምናስተምረው የሁለት ተቀራራቢ ቃላትን ልዩነት ነው፤ ቃላቱ የሚወጡት በዕጣ ነው። ደንቡ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

"አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፉ የወጣ ሰው፣ በቃ፣ ወድቋል" አሉን፤ ይህንንም ያሉት በእንግሊዝኛ ነው።

ሰሎሞን ከባርኔጣቸው ውስጥ ሲያወጣ "ዎክ" እና "ማርች" ደረሰው፤ መራመድና እንደ ወታደር መሰለፍ። ገና ዕጣውን ሲያነበው ከት ብሎ ሳቀ። የእኔ ወረቀት ላይ የነበሩት ግን "ኢምፕሪንት" እና "ኢንግሬቭ" ናቸው። ሁለቱንም አይቻቸው አላውቅም። መዝገበ ቃላት ብገልጥ ሁለቱም በአንድ ነገር ላይ ምልክት ማኖር ነው ይላል። እና ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ለራሴ ያልገባኝን ለልጆች፣ ያውም ያለ አማርኛ፣ እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳው? ሚስተር ቶማስን ብለምናቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ "ነገ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ" ብለው ሸኙኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ገንቦ ትጨርሳለች። ከበሩ ጥግ ቁጭ ብዬ ዝም ብዬ አየኋት። በእኛ ሰፈር ሸክላ የሚቃጠለው በጋራ ነው፤ የብዙ ሴቶች ሥራ በአንድ እሳት ይገባል። ሲወጣ የማን የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እያንዳንዷ በሥራዋ ሥር የራሷን ምልክት ታደርጋለች። የእናቴ ምልክት የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው። ፍሬውን ገልብጣ ገና እርጥብ በሆነው ጭቃ ላይ ጫን ስታደርገው፣ መሐሉ ኮከብ የመሰለ ክብ ይቀራል። ሺህ ጊዜ ሳየው የኖርኩት ነገር ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ዓይኔን ተከልኩበት።

"እማዬ፣ እንዲህ ስታደርጊው ጭቃው ይጎድላል?" አልኳት።

"ምኑ ይጎድላል? ገፋ አደረግኩት እንጂ። ጭቃው እዚያው ነው ያለው።"

"አንገቱ ላይ ያለው መስመርስ?"

"እሱማ በቢላ ነው። ግማሽ ሲደርቅ ቆርጬ ነው የማወጣው። ፍርፋሪውን አታዪም እንዴ?"

ከእግሯ ሥር የተቆለለውን ቀጫጭን የጭቃ ፍርፋሪ አየሁ። ዘልዬ ተነሳሁ። እናቴ ደንግጣ "ምንድን ነው? ጊንጥ ነው?" ብላ ቀሚሷን ማራገፍ ጀመረች።

ጊንጥ አልነበረም፤ ኢምፕሪንትና ኢንግሬቭ ነበሩ! አንዱ ተጭኖ ምልክት ይተዋል፣ ምንም አይጎድልም። ሌላው እየቆረጠ ያወጣል፣ የወጣው አይመለስም። መዝገበ ቃላቱ የደበቀብኝ ነገር በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እናቴን አቅፌ ሳምኳት፤ ፊቴ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

ዕቅዴን እዚያው አወጣሁ። አንድ እርጥብ ገንቦና አንድ ግማሽ የደረቀ ገንቦ ይዤ እሄዳለሁ። በልጆቹ ፊት በአንዱ ላይ ፍሬውን እጫናለሁ፣ ሌላውን በቢላ እቆርጣለሁ፤ አለቀ።

"ጥሬውን?" አለች እናቴ።

"ጥሬውን ነው የምፈልገው።"

"ሳይቃጠል? ትልልቅ ሰዎች ፊት?"

"ለትምህርት ነው አልኩሽ እኮ!"

ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ የዚያን ዕለት ግን በደስታ ሰክሬ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲያካፋ አደረ። ስነሳ እናቴ ሁለቱን ገንቦዎች በነጠላ ቋጥራ ጨርሳ፣ ለባብሳ ትጠብቀኛለች። ልሸከም ብል "ያንቺ እጅ ሰባሪ ነው" ብላ ከለከለችኝና ራሷ በጀርባዋ አዘለችው። ያንን የሚያዳልጥ አቀበት እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ወጣን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቋጠሮውን ሰጠችኝ። ግቢ አልኳት፤ እምቢ ብላ በዘበኛው ቤት ጣሪያ ሥር ቆመች።

መጀመሪያ ያስተማረው ሰሎሞን ነው። ሲራመድ፣ ቀጥሎ እንደ ክብር ዘበኛ ደረቱን ነፍቶ ግራ ቀኝ ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢንስፔክተሩ፣ ፂማቸው የሸበተ ኮስታራ ሰው፣ እሳቸው እንኳን ፈገግ አሉ። እኔ ቋጠሮዬን አቅፌ በሩ ጋ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከዚያ "አስካለ!" ተባለ።

ቋጠሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፈታሁት። ክው ብዬ ቀረሁ።

ጥሬ ጭቃ የለም። ከነጠላው ውስጥ የወጡት ሁለት የተቃጠሉ፣ ተወልውለው የሚያብረቀርቁ፣ ለመድኃኔዓለም ዓመት ገበያ አስቀምጣቸው የነበሩ የእናቴ ምርጥ ገንቦዎች ናቸው። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ እንደ ብረት የሚጮሁ። በእነዚህ ላይ እንኳን የባሕር ዛፍ ፍሬ መዶሻም ምልክት አይተውም፤ ቢላ ባሳርፍባቸው ይሰነጠቃሉ። ዕቅዴ በሙሉ ገደል ገባ። ልጆቹ ያዩኛል። ሚስተር ቶማስ ሰዓታቸውን ያያሉ።

ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን እውነት ተናገርኩ። በእንግሊዝኛ "እነዚህን ገንቦዎች የሠራቻቸው እናቴ ናት" አልኩ።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሰባተኛ ክፍሎቹ ብዙዎቹ ስለ እኔ በወሬ ይሰሙ ይሆናል፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተውት አያውቁም። አንዱን ገንቦ አንስቼ ፊት ለተቀመጠች ሂሩት ለምትባል ልጅ ዘረጋሁላት። ሁለት እጇን ከዴስኩ ሥር ደበቀች። አጠገቧ ያለው ልጅ ወደ ኋላ ሸሸ።

ያቺ ቁጣዬ መጣች። ግን በአማርኛ ልቆጣ አልችልም! በእንግሊዝኛ ለመቆጣት ደግሞ ቃል መፈለግ አለብኝ፤ ቃል ስፈልግ ቁጣው በረደና ሌላ ነገር መጣልኝ።

"ሂሩት፣ ቤታችሁ የውሃ እንስራ አለ?" አልኳት፣ አሁንም በእንግሊዝኛ።

"አለ፣ መምህርት።" መምህርት ብላ ጠራችኝ፤ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ከእሱ የሚጠጣው ማን ነው?"

"እኔ። አባቴ። ሁላችንም።"

"ማን ሠራው?"

ቀና ብላ በእጄ የያዝኩትን ገንቦ አየችው።

"ከእሱ ጠጥተሽ ታመሻል?"

"አልታመምኩም።"

"አባትሽስ?"

"ደህና ነው፤ በጣም ወፍራም ነው" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ሳለ በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ያሉትን ባሕር ዛፎች አየሁ።

"ሁላችሁም ሩጡ! ከዛፉ ሥር አንዳንድ ፍሬ አምጡልኝ!" አልኩ። በሩን እየተጋፉ ወጡ። ኢንስፔክተሩ ወደ ሚስተር ቶማስ ዞር አሉ፤ ሚስተር ቶማስ ትከሻቸውን ሰበቁ። ባዶ ክፍል ውስጥ ከሁለት ፈታኞች ጋር መቅረትን የመሰለ ጭንቅ የለም። ልጆቹ ግን በካፊያው ረጥበው፣ እየሮጡ ተመለሱ።

ፍሬውን ገልብጠው በመዳፋቸው ላይ እንዲጫኑት አሳየኋቸው። "አጥብቃችሁ! አጥብቃችሁ! አሁን አንሱት!"

በየመዳፉ ላይ ክብ፣ መሐሉም ኮከብ ቀረ። ወዲያው ገንቦውን ገለበጥኩና ሥሩን አሳየኋቸው። ያው ክብ፣ ያው ኮከብ።

"ከእጃችሁ የወደቀ ነገር አለ?"

"የለም!"

"የጎደለስ?"

"የለም!"

"ይህ ኢምፕሪንት ነው" አልኳቸው። ክፍሉ "ኢምፕሪንት!" ብሎ ጮኸ። ሂሩት መዳፏን አየች፣ የገንቦውን ሥር አየች። ከዚያ ቅድም የደበቀችውን እጇን ዘርግታ ምልክቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከኋላ ያሉት ለመንካት ተሰለፉ። የእናቴን ገንቦ ለመንካት ሰልፍ! ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ጠረግሁት።

ስዞር ጠመኔውን አየሁ። ከፀጉሬ ላይ መርፌ ነቀልኩና በጠመኔው ላይ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ቆፈርኩ። ነጩ ዱቄት ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ።

"አሁንስ የወደቀ ነገር አለ?"

"አለ!"

ዱቄቱን እፍ አልኩት። "ይመለሳል?"

"አይመለስም!"

"ይህ ኢንግሬቭ ነው።" ከዚያ በገንቦው አንገት ላይ እናቴ በቢላ ያወጣችውን መስመር በጣታቸው አስኬድኳቸው። እንደገባቸው ለመፈተን አንዱ ዴስክ ላይ ወደ ተቀረጸ ስም እየጠቆምኩ "ይህስ የትኛው ነው?" ብል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ኢንግሬቭ!" አለ። ስሙን ጠጋ ብዬ አነበብኩት፤ ሰሎሞን ይላል። ሰሎሞን በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሁሉም ዞረው ሲያዩት ፊቱን በደብተሩ ሸፍኖ እንደ ልጅ ተንከተከተ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ኢንስፔክተሩ አስቀሩኝ። አሁን በአማርኛ ነው።

"ጎበዝ ነሽ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መምህርት ሆነሽ አንድ አገር ትላኪያለሽ። ወላጆች የማን ልጅ እንደሆንሽ ሰምተው፣ ልጆቻችንን እሷ ዘንድ አንልክም ቢሉስ? ያኔ ምን ታደርጊያለሽ?"

ይህን ጥያቄ ቀድሜ አስቤው አላውቅም። ግን መልሱ የተዘጋጀ ይመስል መጣልኝ።

"ጌታዬ፣ ልጆቻቸውን ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ላይልኩ ይችላሉ። ውሃ ግን በየቀኑ ይጠጣሉ። እኔ ክፍሌን ከፍቼ እጠብቃቸዋለሁ።"

አተኩረው አዩኝ። "ቁጡ ነሽ" አሉ።

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ውጤቱ ነገ ጠዋት ይነገራል።"

በር ላይ ስደርስ እናቴ እዚያው ቆማለች። ክፍል ውስጥ የዋጥኩት ቁጣ ሁሉ በእሷ ላይ ወረደ።

"እማዬ! ምን አደረግሽኝ? ጥሬውን ነው ያልኩሽ!"

"ጥሬውንማ ለውሼ ከጭቃው ጋር ቀላቀልኩት" አለች፣ ምንም ሳትደነግጥ። "ሸክላ ሠሪ እሳት ያልነካውን ሥራዋን ለባዳ ታሳያለች? ነገ እሳቱ ላይ ይሰነጠቅ አይሰነጠቅ በማይታወቅ ጭቃ፣ ልጄ ሹማምንት ፊት ልትቆም? ‘ይሄ ነው እንዴ የእናቷ ሙያ’ ሊሉሽ? እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም።"

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ሳቄ ቀደመኝ። እሷም ምኑ እንዳሳቀኝ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች። ሁለታችንም ገንቦ ገንቦአችንን ይዘን ቁልቁል ወረድን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት እናቴ እንደገና አብራኝ መጣች፤ እንደገናም በሩ ጋ ቀረች። ወደ ግቢው ስገባ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከበቡኝ። "እኛ ቤት እንስራ ሥር ኮከቡ አለ!" ይላል አንዱ። "እኛም ቤት አለ!" ትላለች ሌላዋ። አንዱ ምልክቱን ሊያይ ውሃ የሞላ እንስራ ገልብጦ ቤቱን አጥለቅልቆ፣ ተገርፎ መጥቷል፤ እሱም በኩራት ነው የሚያወራው። ሂሩት ከሁሉ ኋላ መጥታ "አባቴ የሚጠጣበትን እናትሽ ናት የሠራችው" አለችኝ። በጉለሌ ስንት ቤት እናቴ እንደገባች ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ በደጃፍ እንዳትቆም የሚከለክሏት ሰዎች ቤት ውስጥ ሳይቀር።

ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ሚስተር ቶማስ ወረቀቱን አወጡ። ስሜን ሲጠሩ መጀመሪያ ያጨበጨበው ሰሎሞን ነው። እኔ ግን ወደ መድረኩ አልሄድኩም፤ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሚስተር ቶማስም ተከትለውኝ መጡ። እናቴ ፊት ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው እንደ አገራቸው ወግ ጎንበስ አሉላት። እናቴ የሚጸልዩ መስሏት አማተበች። ከዚያ እጇን ይዤ፣ ያን ሁሉ ዓመት ገብታበት የማታውቀውን ግቢ አስገባኋት። በሰልፉ መሐል ስታልፍ ቀና ብላ ነበር የምትራመደው፤ ከሰሎሞን ማርች የእሷ ይበልጥ ነበር ብል ማንም አይከራከረኝም።

ከማሠልጠኛው ወጥቼ ብዙ አገር ዞሬአለሁ። ኢንስፔክተሩ የፈሩት ነገር ሁለት ቦታ ደርሶብኛል፤ ክፍሌን ከፍቼ ጠበቅሁ፣ መጡ። ሰዎች ያ ሁሉ ስድብ ከውስጥሽ ምን አጎደለ እያሉ ይጠይቁኛል። ምንም። ተጭኖኝ ነበር፤ ያ እውነት ነው፣ ምልክቱም አለ። ግን ከእኔ ተቆርጦ የወጣ ነገር የለም። ከዚያን ዕለት በፊት ይህን አላውቅም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ነግሬአችሁ ላብቃ። ባስተማርኩበት ዓመት ሁሉ፣ በአዲስ ክፍል የመጀመሪያ ቀን፣ ከስሜ በፊት ሰሌዳው ላይ የምጽፈው "እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት" የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነበር። ከዚያ ዞሬ ልጆቹን አያለሁ። አብዛኞቹ ይገለብጡታል። ሁልጊዜ ግን፣ ከጀርባ ወንበር ላይ፣ እርሳሱን ያስቀመጠ፣ ፊቱ የቀላ፣ መሬት መሬት የሚያይ አንድ ልጅ አይጠፋም። የሸማኔ ልጅ ይሆናል፣ የቀጥቃጭ ልጅ ይሆናል፣ የፋቂ ልጅ ይሆናል። ምንም አልጠይቀውም። ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን፣ ማንም ሳያዘው፣ ደብተሩን ይዞ ይነሳና ፊተኛው ወንበር ላይ መጥቶ ይቀመጣል።